ፒክስ ከረጢት፦ ነቀዙን ይጨርሳል፣ እህል ግን አያደርቅም

ለሚቸኩል ሰው ፍርዴን ላስቀድም። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ባቄላ ወይም ሽምብራ ከመኸር እስከ ክረምት የምታስቀምጡ ከሆነ ይህን ከረጢት ግዙ። ቤታችሁ ያለው ጤፍ ብቻ ከሆነ ግን ብራችሁን ያዙ። የጤፍ ፍሬ ለነቀዝ በጣም ትንሽ ናት፤ ገብቶ የሚያድርበት ቦታ የለውም።

የማወራው ፒክስ ስለሚባለው ከረጢት ነው። ከውጭ ሲያዩት ተራ ማዳበሪያ ነው። ውስጡ ግን ሁለት ወፍራም ላስቲኮች አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብተዋል። የእያንዳንዱ ውፍረት 80 ማይክሮን፣ ማለትም የሚሊሜትር ስምንት መቶኛ ነው። ሲነኩት እንደ ፌስታል አይልፈሰፈስም። አንድ ኩንታል የሚይዘውን ነው የገዛሁት። ዋጋው ከተራ ማዳበሪያ ጋር ሲተያይ ያስደነግጣል፤ አንድ ኩንታል ሽምብራ ዛሬ ስንት እንደሆነ ስታስቡ ግን ድንጋጤው ይለቃል።

እኔ ደሴ ነው የምኖረው፤ ነርስ ነኝ። እህሉ የእናቴ ነው፣ እዚያው ወሎ ሐርቡ። ሐርቡ ቆላ ነው፤ ነቀዝ ደግሞ ሙቀት ይወዳል። ደሴ ብርዱ ትንሽ ያዘገየዋል፣ እዚያ ግን ይፈነጫል። የእናቴ ማሽላ በኅዳርና በታኅሣሥ ከአውድማ ይገባል። የበልግ ዝናብ ሲጀምር ጆንያው ሥር ብናኝ መታየት ይጀምራል። ሰኔ ላይ እጃችሁን ወደ ውስጥ ብትሰዱ እህሉ ይሞቃል። ከላይ ፍሬው ደህና ይመስላል። ውኃ ላይ ሲበተን ግን ግማሹ ይንሳፈፋል፤ ቀፎው ብቻ ነው የቀረው።

ብዙ ሰው ነቀዝ ከጓዳ የሚመጣ ይመስለዋል። አንዳንዱ ከጓዳ ነው፤ አሮጌ ጆንያ ስፌት ውስጥ ተደብቆ ይከርማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከማሳው ጀምሮ አብሮ ይመጣል። የማሽላና የበቆሎ ነቀዝ ሴቷ ፍሬውን በአፏ ትበሳና እንቁላሏን ታስቀምጣለች። ከዚያ ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። ትሉ እዚያው ይፈለፈላል፣ እዚያው እየበላ ያድጋል፣ ክንፍ አውጥቶ ነው በስቶ የሚወጣው። ስለዚህ ንፁሕ መስሎ የገባ እህል ቀድሞውኑ ተከራይ ይኖረዋል። ብታበጥሩትም ብታነፍሱትም አይወጣም።

ከረጢቱ ላይ ምንም መድኃኒት አልተቀባም። የሚሠራው አየር ባለማስገባት ብቻ ነው። ነቀዙ ራሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ተንፍሶ ይጨርሰዋል፤ የሚተካ አይገባለትም። እስካሁን ያለው የሚገመት ነው። እኔን የገረመኝ አሟሟቱ ነው። የከረጢቱ አባት የሚባሉት የነፍሳት ተመራማሪው ላሪ መርዶክ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። ደረቅ እህል ውስጥ የሚኖር ነፍሳት የሚጠጣው ውኃ የለም። ውኃውን የሚያገኘው የበላውን ምግብ ከኦክስጅን ጋር አቃጥሎ ነው። ኦክስጅኑ ሲያጥር መብላቱን ያቆማል፣ ያኔ ውኃም ይቀርበታል። ስለዚህ በመታፈን ብቻ ሳይሆን በውኃ ጥምም ነው የሚያልቀው።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ዓይኗ በራ። «ይበለው! እኔን ስንት ዓመት ሲያስርበኝ» አለች።

ከረጢቱ ሐሳቡ የተጀመረው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ካሜሩን ውስጥ ነው፤ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲና የካሜሩን የግብርና ተመራማሪዎች አብረው ሠሩት። ለማሽላም ለበቆሎም አልነበረም፤ እዚያ ነቀዝ ለሚፈጀው ለአተር መሰል ጥራጥሬ ነበር። ስለ ፐርዱ ካነሳሁ አይቀር፣ ወሎና ይህ ዩኒቨርሲቲ የቆየ ትውውቅ አላቸው። በ1973 እ.ኤ.አ. የዚያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሺዎች ከሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶች መካከል ላይሲን የበዛባቸው ሁለት አገኙ። ሁለቱም ከወሎ የተሰበሰቡ ነበሩ። ላይሲን ሰውነታችን ራሱ የማይሠራው የፕሮቲን ክፍል ነው፤ ተራው ማሽላ ደግሞ የሚያንሰው እሱ ነው። የወሎ ገበሬ እንዲህ ያለውን ማሽላ ወተት በጉንጬና ማር ጩቄ እያለ፣ ከሌላው ጋር ቀላቅሎ እየዘራ፣ እሸቱን እየጠበሰ ሲበላው ኖሯል። በማሽላ ምርምራቸው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታም የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሰው ናቸው። ከረጢቱ ሐርቡ ሲደርስ እንግዳ አይደለም ማለቴ ነው።

ለእኔ ግን ከረጢቱን ያስገዛኝ ሳይንሱ አይደለም። ኪኒኑ ነው።

የነቀዝ ኪኒን የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ውስጡ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ነቀዙን የሚገድለው ጋዙ ነው፤ ሰውንም የሚገድለው እሱው ነው። በሕክምና ማርከሻ የለውም። የተመረዘ ሰው ሲመጣ ልቡንና ትንፋሹን እየደገፍን፣ ፈሳሽ እየሰጠን መጠበቅ ነው። ተረኛ ሆኜ ያየሁትን እዚህ አልዘረዝርም።

ችግሩ ኪኒኑ የተሠራው ለታሸገ መጋዘንና ለሠለጠነ ሰው መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ እህሉና ቤተሰቡ አንድ ጣራ ሥር ያድራሉ። ጆንያው መኝታው አጠገብ ነው፣ ልጆቹ ደግሞ መሬት ላይ። ገበያ ላይ በወረቀት ጠቅልለው «ሁለት ጣል አድርጊበት» ብለው ሲሸጡ ሰምቻለሁ። ስንት ቀን ይዘጋ፣ ማን ይውጣ፣ መቼ ይናፈስ፣ ወሬም የለም። ከረጢቱ ይህን ሁሉ ጭንቀት ያስቀራል። ለዚህ ብቻ እንኳ ዋጋውን እከፍላለሁ።

አሁን ወደ ድክመቱ ልምጣ። ትልቁ ይህ ነው፦ ከረጢቱ እህል አያደርቅም። እርጥብ ካስገባችሁ እርጥብ ታወጣላችሁ፤ የባሰ ነገርም ታወጣላችሁ።

ጎረቤታችን ማሽላውን ዝናብ ይመጣል ብሎ ፈርቶ ቶሎ ከተተ። አየር የማያስገባ ነገር እርጥበትም አያስወጣም። ሲከፍተው ከላስቲኩ ውስጥ ላብ ይወርዳል፤ ሽታው እንደ ጥንስስ ነው። ከላይ ያለው ፍሬ ተያይዞ ረግቷል፤ አረንጓዴ ቢጫ ሻጋታ ይዞታል። «አብሽር፣ ለከብት ይሆናል» አሉት። እኔ ግን አይሆንም ብዬ ተከራከርኩ።

ለምን እንደተከራከርኩ ልንገራችሁ። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ የቤት ወፎች ምክንያቱ ሳይታወቅ አለቁ። ሲጣራ ከብራዚል የመጣ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ በልተው ነበር። ሻጋታው አስፐርጊለስ ፍላቨስ ይባላል፤ መርዙም ከስሙ ተወስዶ አፍላቶክሲን ተባለ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ መድቦታል፤ የሚያጠቃው ጉበትን ነው። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ደግሞ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምርበታል። ላም ከበላችው ከፊሉ በወተቷ ይወጣል። እንግዲህ «ለከብት ይሆናል» ማለት ዞሮ ዞሮ ለልጆች ይሆናል ማለት ነው።

የሩቅ ታሪክ የሚመስለው ካለ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ጎረቤት ኬንያ ውስጥ የሻገተ በቆሎ በልተው 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። ሰዎቹ በቆሎውን አብስለው ነበር የበሉት። ምጣድም ድስትም ይህን መርዝ አያጠፋውም። አጥቦ ማስጣትም እንደዚያው፤ ሻጋታው ከላይ ይለቅ እንጂ መርዙ ውስጥ ይቀራል።

በደረቀ እህል ላይ ግን ከረጢቱ እዚህም ይጠቅማል። ሻጋታም አየር ይፈልጋል፤ ነቀዝም ሲተነፍስ እህሉን ያረጥበዋል፣ ያሞቀዋል። ነቀዙ ከሞተ አንዱ የሻጋታ መንገድ ተዘጋ። ነገር ግን አውድማ ላይ የተፈጠረውን መርዝ ከረጢቱ አያወጣውም። ይህን ሻጩ አይነግራችሁም።

መድረቁን በጥርስ ሰብሮ ማወቅ የቆየ ልማድ ነው። እናቴ በጥርሷ ትተማመናለች፣ ጥርሷ ደግሞ እያረጀ ነው። ስለዚህ የጨው ዘዴውን አስለመድኳት። ደረቅ ጠርሙስ ትወስዳለች፤ የለስላሳ ጠርሙስ ይበቃል፣ ብርጭቆው። ሲሶውን ያህል እህል ትሞላለች። ላዩ ላይ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ትጨምራለች። የሱቅ ጨው ራሱ ስለሚያረጥብ መጀመሪያ ምጣድ ላይ ታምሰዋለች፤ ይህን ከዘለሉ ሙከራው ዋጋ የለውም። ክዳኑን ገጥማ ደህና አድርጋ ታናውጠዋለች። ሩብ ሰዓት አስቀምጣ ወደ ብርሃን ታወጣዋለች። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ከተጣበቀ እህሉ እርጥብ ነው። ሁሉም ወርዶ ሥሩ ላይ ከተኛ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በታች ነው። ለከረጢቱ የሚመከረው 13 እና ከዚያ በታች ስለሆነ እሷ ጨው ሳይጣበቅም ፀሐይ ትጨምርበታለች። ሸራ ላይ ነው የምታሰጣው፤ መሬት ላይ ማስጣት ትታለች። ባዶ መሬት ከሥር እርጥበቱንም ሻጋታውንም ይሰጣል።

ማሰሩም ሙያ አለው። እህሉን እየጨመሩ በመሐል መጫንና አየሩን ማስወጣት ያስፈልጋል። አንገት የሚሆን ላስቲክ መተው አለበት፤ እስከ አፍ ጢም አድርጎ የሞላ ሰው ማሰሪያ ያጣል። መጀመሪያ የውስጠኛው አፍ እንደ ሻሽ ይጠመዘዛል፣ ይታጠፋል፣ በሲባጎ ይጠፈራል። ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ለብቻው። መጨረሻ ላይ ማዳበሪያው። ሦስቱን ባንድ ላይ ጠቅልሎ የሚያስር ሰው ሞልቷል፤ እንደዚያ ከሆነ ለሦስት ድርብ ከፍሎ በአንድ መጠቀም ነው። ሁለት ላስቲክ ያስፈለገው ነቀዙ ውስጠኛውን ሊበሳው ስለሚችል ነው።

ሌላው ቅሬታዬ መክፈቱ ነው። ታስሮ ቢያንስ አንድ ወር ሳይነካ መቆየት አለበት። በየሳምንቱ ለንፍሮ እየከፈቱ ጣሳ ሙሉ የሚወስዱበት ዕቃ አይደለም፤ በከፈቱት ቁጥር ለነቀዙ ትንፋሽ ይሰጡታል። እኛ ቤት መጀመሪያ የሚበላው በተራ ጆንያ ይቀመጣል፣ ከበልግ በኋላ የሚበላው በፒክስ ይታሰራል። ትንሽ እህል ላለው ቤት ይህ አይመችም። ኩንታል የማይሞላ እህል ይዞ አንድ ከረጢት የሚገዛ ሰው የሚበላውን ከየት ያመጣል?

አይጥንም አይከለክልም። አይጥ ላስቲኩን አንድ ቦታ ከበሳችው ጨዋታው አለቀ። ርብራብ ላይ ማስቀመጥ፣ ከግድግዳ ማራቅ፣ ዙሪያውን መጥረግ የእናንተ ፈንታ ነው። ድመት ካላችሁ ጥሩ።

ውጤቱን ደግሞ ልናገር። የእናቴ ሽምብራ ነሐሴ ላይ ሲከፈት የገባ ዕለት እንደነበረው ነበር። በፊት ሽምብራችን በዚያ ሰዓት ሁሉም ክብ ክብ ቀዳዳ አለው፤ ሽሮው ይመራል። አሁን ጥቂት የሞቱ ነቀዞች ሥሩ ላይ ተገኙ፤ ደርቀው፣ በጣት ሲነኩ የሚፈረፈሩ። ማሽላውም ለዘር የተመረጠው ሳይቀር በቅሏል። ላስቲኩ ካልተበሳ ለሌላ ዓመትም ያገለግላል፤ ለእህል ከማሰራችሁ በፊት እንደ ፊኛ በአየር ሞልታችሁ ጫን ብላችሁ አዳምጡት። የሚያፏጭ ከሆነ ለሌላ ጉዳይ አውሉት።

በመጨረሻ ስለ ሻጮች። ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ውስጡ አንድ ላስቲክ ብቻ ነበረው። ስመልስለት ባለሱቁ «እህቴ፣ ሁሉም እንደዚሁ ነው» አለኝ። አይደለም። ስትገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ አውጡት፣ ሁለቱን ላስቲኮች ለያይታችሁ ቁጠሩ፣ ወደ ብርሃን አንስታችሁ ቀዳዳ እንደሌለው እዩ። ወረፋው ቢረዝም፣ ባለሱቁም ቢያጉረመርም፣ ያጉረምርም።