በጅማ ለሚማሩ የኮሌጅ ተማሪዎች ከፍ ያለ የፊልምና የቪዲዮ ሥልጠና፦ የትኛው ለማን ይሆናል?

በጅማ የሚማር፣ ካሜራ መያዝንና ቀላል ኤዲቲንግን በራሱ ጥረት የለመደ ተማሪ «ከዚህ በኋላ ወዴት ልሂድ?» ብሎ ሲያስብ በፊቱ የሚያገኛቸው መንገዶች በአመዛኙ አራት ናቸው። በከተማው ውስጥ በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ የሚሰጥ የአጭር ጊዜ ሥልጠና አለ፤ ክረምቱን ጠብቆ አዲስ አበባ ሄዶ መማር አለ፤ በኢንተርኔት የሚገኝ ኮርስ አለ፤ ከአንድ ስቱዲዮ ጋር በረዳትነት እየሠሩ መልመድም አለ። አራቱም ገንዘብ የሚያስወጡት በተለያየ መልክ ስለሆነ በማስታወቂያ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ክፍያ ብቻ አይቶ ማወዳደር ያሳስታል።

አስቀድሞ «ከፍተኛ ደረጃ» በሚለው ቃል ላይ መግባባት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በብዙ ማስታወቂያ ላይ ይህ ቃል የሚያመለክተው የካሜራውን ትልቅነት እንጂ የትምህርቱን ጥልቀት አይደለም። ጀማሪ ስለ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን የመቀበል አቅም)፣ ስለ ሸተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ ርዝመት) እና ስለ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ይማራል። ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት ግን ስክሪፕትን በየትዕይንቱ ከፋፍሎ የቀረጻ ዕቅድና የሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የሚቀርጸው አንድ ምስል) ዝርዝር ማውጣትን፣ ተዋናይ መምራትን፣ ብርሃንን ለታሪኩ ስሜት ሲባል ማስቀመጥን፣ ድምፅን ከካሜራው ተለይቶ በራሱ መቅጃ በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት የድምፅ ጥራት መቅዳትን፣ በሎግ (ቀለሙ በኋላ እንዲስተካከል ደብዘዝ ተደርጎ በሚቀረጽበት መንገድ) የተቀረጸን ምስል ቀለም ማስተካከልን ያጠቃልላል። ተማሪውም ሲጨርስ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ የሚሆን ያለቀለት ሥራ በእጁ ይዞ ይወጣል። ይህ የሌለበት ሥልጠና ምንም ያህል ውድ መሣሪያ ቢደረደርበት የጀማሪ ሥልጠና ነው።

የካሜራ ሰዓት

ሥልጠናዎችን ለማነጻጸር እኔ የምጠቀምበት መለኪያ አንድ ተማሪ ካሜራውን በእጁ የሚይዝበት ሰዓት ነው። ሁለት ሥልጠናዎች አሉ እንበል። የመጀመሪያው 60 ሰዓት የሚፈጅ፣ ግማሹ የተግባር የሆነ፣ 20 ተማሪዎች ሁለት ካሜራ የሚጋሩበትና 6,000 ብር የሚያስከፍል ነው። ሁለተኛው 48 ሰዓት የሚፈጅ፣ 32ቱ ሰዓት የተግባር የሆነ፣ 12 ተማሪዎች አራት ካሜራ የሚጋሩበትና 15,000 ብር የሚያስከፍል ነው። ሲሰላ በመጀመሪያው ሥልጠና ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው ሦስት የካሜራ ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሰዓት 2,000 ብር ያስወጣዋል። በሁለተኛው ከአሥር ሰዓት በላይ ይደርሰዋል፤ የአንዱ ሰዓት ዋጋም ወደ 1,400 ብር ይወርዳል። ርካሽ መስሎ የታየው ውድ ሆነ ማለት ነው። ይህን ለማስላት የሚያስፈልጉት የተማሪው ብዛት፣ የካሜራው ብዛትና የተግባር ሰዓቱ ናቸው፤ እነዚህን ለመንገር የሚያመነታ ማሠልጠኛ ካለ ማመንታቱ ራሱ መልስ ነው። እኔም ይህን ስሌት የተማርኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው፤ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ካሜራውን ያየሁት በአብዛኛው ከሰው ትከሻ በላይ ነበር።

በከተማው ውስጥ መማር

የዚህ መንገድ ዋና ጥቅም የቤት ኪራይና የመንገድ ወጪ የሌለበት መሆኑ ነው። ተማሪው መደበኛ ትምህርቱን ሳያቋርጥ ይማራል፤ የተማረውንም በማግስቱ በሚያውቀው ሰፈር ይሞክረዋል። በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ውስጡ ጨለም ያለ፣ በረንዳው ደግሞ ብርሃን የበዛበት የእንጨት ሕንፃ በመሆኑ የብርሃን ልዩነትን ለመልመድ ከየትኛውም ስቱዲዮ ይሻላል። የሒርማታ የሐሙስ ገበያም ሰው በሚተራመስበት ቦታ ትኩረትን ጠብቆ ለመቅረጽ የሚያስችል ልምምድ በነፃ ይሰጣል።

ድክመቱን ስናይ፣ በከተማ ደረጃ የሚያሠለጥኑ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ኑሯቸው በሰርግና በዝግጅት ቀረጻ ላይ የተመሠረተ ነው። ይህ የሚናቅ ሙያ አይደለም፤ የማይደገምን ነገር ሳያመልጥ መያዝን የመሰለ ትልቅ ችሎታ ያስተምራል። ይሁን እንጂ በፊልም ሥራ ሁሉም ነገር የሚደገምና አስቀድሞ የሚታቀድ ስለሆነ፣ ከሰርግ ካሜራማን ስክሪፕትና የተዋናይ አመራር መጠበቅ አይገባም። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ድምፅ ነው። በሰርግ ቪዲዮ ላይ ሙዚቃ ስለሚጫንበት የድምፅ ጉድለት አይታወቅም። የጅማ ዝናብ ደግሞ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ የሚዘልቅ ነው፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የሁለት ተዋናዮችን ንግግር ፈጽሞ ይውጠዋል። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት ያለፈው ዙር ተማሪዎች የሠሩትን አንድ ሥራ ጠይቆ በጆሮ ማዳመጫ መስማት ይገባል። ምስሉ አምሮ ንግግሩ ከሩቅ የሚሰማ ከሆነ ሥልጠናው ማይክን በወጉ አላስተማረም።

አሠልጣኙንም መመዘን ይቻላል፤ በሱቅ ውስጥ በፍሎረሰንት መብራት ሥር በሰከንድ በ30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) እና በ1/60 ሰከንድ ሸተር ሲቀረጽ ምስሉ ለምን ብልጭ ድርግም እንደሚል መጠየቅ በቂ ነው። የሀገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፤ በ1/50 ወይም በ1/100 ሲቀረጽ ሸተሩ በተከፈተ ቁጥር እኩል ብርሃን ስለሚገባ ችግሩ ይጠፋል። ይህን አብራርቶ የሚያስረዳ ሰው ቁልፉን ከመጫን ያለፈ እውቀት አለው።

ሌላው ሊዘነጋ የማይገባው የቋንቋ ጉዳይ ነው። በአፋን ኦሮሞ መጻፍ የሚፈልግ ተማሪ ስክሪፕቱን አንብቦ ምልልሱን ሊያርምለት የሚችል አሠልጣኝ ያስፈልገዋል፤ በዚህ ረገድ በጅማ ያለው ሥልጠና ከአዲስ አበባው ሊበልጥ ይችላል።

አዲስ አበባ ሄዶ መማር

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአውቶቡስ ቀኑን ይፈጃል። ወጪው ግን ከመንገዱ ይልቅ በኪራዩና በምግቡ ላይ ነው፤ የሦስት ወር ኑሮ ከሥልጠናው ክፍያ ሊበልጥ ስለሚችል ሁለቱ ተደምረው መታየት አለባቸው። በዋና ከተማዋ በፊልም ላይ ብቻ ያተኮሩ ማሠልጠኛዎች ይገኛሉ፤ በሲኒማቶግራፈር አብርሃም ኃይሌ ብሩ የተመሠረተው ብሉ ናይል የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚ በዚህ ረገድ ስሙ ይነሣል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፊልም ፕሮዳክሽን የሚሰጠው የማስተርስ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ስለሚጠይቅ ገና በኮሌጅ ላለ ሰው የነገ ግብ እንጂ የዚህ ክረምት ምርጫ አይደለም።

አዲስ አበባ የሚሰጠው ትልቁ ነገር የሥራ ጓደኛ ነው። አንዱ የሚጽፍ፣ አንዱ ድምፅ የሚይዝ፣ አንዱ ብርሃን የሚያዘጋጅ ሆነው የሚተዋወቁት በእንዲህ ዓይነት ክፍል ውስጥ ነው፤ ይህም ከሰርተፍኬቱ የበለጠ ዕድሜ አለው። ይሁንና ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ ጅማ ተመልሶ ለመሥራት ካሰበ ያ የተዋወቀው ቡድን 350 ኪሎ ሜትር ርቆ ይቀራል። በተጨማሪም ብዙዎች የሚሄዱበት የክረምት ወቅት ለውጭ ቀረጻ እጅግ የማይመች መሆኑን አስቀድሞ ማሰብ ተገቢ ነው።

በኢንተርኔት መማር

ለኤዲቲንግና ለቀለም ሥራ ይህ መንገድ ከሁሉም እንደሚሻል ያለማመንታት እናገራለሁ። ብላክማጂክ ዲዛይን የተባለው ኩባንያ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለውን የኤዲቲንግና የቀለም ማስተካከያ ፕሮግራም ነፃ ቅጂ ያቀርባል፤ ይህ ቅጂ እስከ 3840 በ2160 ጥራትና በሰከንድ እስከ 60 ፍሬም ድረስ ስለሚያወጣ ለተማሪ ሥራ ይተርፋል። ኩባንያው የማሠልጠኛ መጻሕፍቱንና የመለማመጃ ፋይሎቹንም በነፃ ያድላል። የሚከፈልበት ቅጂ 295 ዶላር ሲሆን የሚከፈለውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በአንጻሩ ሌላው የኤዲቲንግ ፕሮግራም አዶቤ ፕሪሚየር ፕሮ በየወሩ ወይም በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ ስለሚከፈልበት ከሀገር ቤት ለሚጠቀም ተማሪ አስቸጋሪ ነው። የፊልም ታሪክና ትንታኔ ለሚፈልግ ደግሞ የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ በኦፕንኮርስዌር ገጹ ላይ ሙሉ የንግግር ቪዲዮዎችን በነፃ አስቀምጧል፤ ኮርሴራ የተባለው የኢንተርኔት ኮርሶች ገጽም ክፍያ ለማይችሉ ተማሪዎች የድጋፍ ማመልከቻ ይቀበላል።

የዚህ መንገድ እውነተኛ ዋጋ ላፕቶፑ ነው። ለሪዞልቭ 16 ጊጋባይት ሜሞሪና ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን ያስፈልጋል፤ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ስለሚሞላም ሃርድ ዲስክ መጨመር ግድ ይላል። ዋና ጉድለቱም የሠሩትን አይቶ «ይህ ሾት አያስፈልግም» የሚል ሰው የሌለበት መሆኑ ነው።

በረዳትነት መሥራት

ስለዚህ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ክፍያ የለውም፤ አንዳንዴ እንዲያውም የኪስ ገንዘብ ይገኝበታል፤ ነገር ግን ተማሪው ወራት ትራይፖድና ገመድ ሲሸከም ሊቆይ ይችላል። የሚመረጠው አስቀድሞ ትምህርት ላለው ሰው ነው። ድምፅን ለመልመድ የሚሻ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ከቪዲዮ ስቱዲዮ ይልቅ የዩኒቨርሲቲውን የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ በር ማንኳኳት ይሻለዋል፤ በሬዲዮ ላይ ድምፅ የሚደበቅበት ምስል የለም።

ከመክፈል በፊት

ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ እሰጣለሁ የሚል ተቋም ፈቃዱን ከሚመለከተው የትምህርትና ሥልጠና ተቆጣጣሪ አካል ያገኘ መሆኑ ይጣራ። የተማሪው ፊልም ባለቤት ማን እንደሚሆን በጽሑፍ ይጠየቅ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራው አመንጪ መብት የሰጠ ቢሆንም፣ በምዝገባ ቅጽ ላይ ሳያነቡ የሚፈርሙት አንድ አንቀጽ ጉዳዩን ሊያወሳስበው ይችላል። ለድሮን ቀረጻ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቅ ሥልጠና ካለ፣ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያለው መሆኑን ሳያረጋግጡ ገንዘብ መስጠት አይገባም።

ምርጫዬን ልናገር። ላፕቶፕ ያለውና ገንዘቡ ውስን የሆነ የጅማ ተማሪ ክረምቱን አዲስ አበባ በኪራይ ከሚጨርስ፣ ዝናቡ በሚወርድበት ጊዜ በቤቱ ተቀምጦ ስክሪፕቱን ይጻፍ፣ ሪዞልቭንም በነፃዎቹ መጻሕፍት ይማር፤ ከዚያም ጥቅምት ላይ የሚጀምርና የካሜራ ሰዓቱ የበዛ የከተማ ውስጥ ሥልጠና ይመዝገብ። ያን ጊዜ ሰማዩ ይጠራል፤ ቡናውም ቀልቶ የሚለቀምበት ወቅት ስለሆነ ለመመረቂያ ሥራው የሚሆን ጉዳይ ከከተማው ወጣ እንዳለ ያገኛል። ስክሪፕት መጻፍንና ተዋናይ መምራትን ብቻ የሚፈልግ፣ ኪራይ የማያስጨንቀውና ወደፊት በዋና ከተማዋ ለመሥራት የቆረጠ ተማሪ ከሆነ ግን አዲስ አበባ ይሂድ፤ ክፍያውንም በሁለት ዙር እንዲያደርጉለት ይጠይቅ፤ ሁለተኛውን ግማሽ የሚከፍለው የመጀመሪያው የተግባር ቀረጻ ከተካሄደ በኋላ ይሁን።