ቡቺን ላልላጨችው ባለሙያ ምስጋና፤ ለማርቆስ ውሻ አሳዳጊዎችም ጥቆማ

ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ትንንሽ ውሻ የምታሳድጉ ሁሉ፣ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። ላመሰግናት የምፈልጋት አንዲት የእንስሳት ጤና ባለሙያ አለች። የዕለት ሥራዋ ከብትና በግ ማከም ሲሆን፣ በትርፍ ሰዓቷ ቤት ድረስ እየተጠራች የውሻ ፀጉር ታስተካክላለች። በከተማችን ይህን ሥራ ከነወጉ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። እኔም ያገኘኋት በጎረቤት ጥቆማ ነው።

የእኛ ቡቺ ድቅል ነው። ሰፈሩ በጅምላ «የፈረንጅ ውሻ» ይለዋል እንጂ አባቱና እናቱ ምን ዓይነት እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ቁመቱ ከጉልበት በታች፣ ፀጉሩ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። እንዲህ ያለውን ፀጉር ሲያዩት የሚያስቸግር አይመስልም፤ ላይ ላዩን ሲበጠር ያምራልና። ከሥሩ ግን ይቋጠራል። ክረምቱ ገብቶ ጭቃውና እርጥበቱ ሲበረታ ከጆሮው ኋላ፣ ከብብቱና ከአንገት ማሰሪያው ሥር ያለው ፀጉር ተጣብቆ እንደ ጠጠር ደረቀ። ሲነኩት ይጮህ ጀመር። ያየው ሁሉ የሚመክረኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ሙልጭ አድርገሽ አስላጪውና ተገላገይ።»

እሷ ግን አልላጭም አለች። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ስለነበር ወደ እርሷ ዞራ፣ «እማማ፣ እስኪ ይህን ይዩት» ብላ የጀርባውን ፀጉር በጣቶቿ ከፈለችው። ከረጅሙ ፀጉር ሥር ሌላ አጭር፣ ጥቅጥቅ ያለና ለስላሳ ፀጉር አለ። የላይኛው ዝናብና ፀሐይ ይከላከላል፣ የታችኛው ሙቀት ይይዛል። እንዲህ ሁለት ንብርብር ያለው ውሻ ከሥሩ ከተላጨ የታችኛው ቶሎ ያድግና የላይኛው ወራት ሊዘገይ፣ አንዳንዴም ሳስቶና ተዘበራርቆ ሊቀር ይችላል። በዚያ ላይ ወሩ ሐምሌ ነው፤ ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የማርቆስ ብርድ ደግሞ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። እናቴ «እውነቷን ነው፤ በዚህ ብርድ ማን ራቁቱን ያድራል» አለች፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ትዕግሥቷን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ውኃ ከማስነካቷ በፊት ቋጠሮውን ሁሉ ፈታች። የተቋጠረ ፀጉር ከረጠበ ይብስ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ማበጠር ይቀድማል፣ ማጠብ ይከተላል። በግራ እጇ ፀጉሩን ከቆዳው አጠገብ ቆንጥጣ ትይዛለች፤ እንዲህ ሲሆን ማበጠሪያው ቢጎትትም ቆዳውን አያመውም። ከዚያ ከጫፉ ጀምራ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ሥሩ ትወርዳለች። በብብቱ ያለው ግን የሚፈታ አልነበረም። እዚያ ላይ ቀጭን ማበጠሪያ በቆዳውና በቋጠሮው መካከል አሾልካ አስገባችና ከማበጠሪያው በላይ ያለውን ብቻ በመቀስ ቆረጠች። ቋጠሮ ቆዳውን ስቦ ወደ ላይ ያነሳዋል፤ በመቀስ በቀጥታ የሚቆርጥ ሰው ፀጉር የቆረጠ እየመሰለው ሥጋ ይቆርጣል። ቡቺ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እጇን ታነሳለች፣ አንገቱን ታሻሸዋለች፣ ሲረጋጋ ትቀጥላለች። አንድም ጊዜ አልጮኸችበትም። መዳፉ ሥር ማሽን ስትጠቀምም ስለቱ ሞቆ እንዳያቃጥለው በየመሐሉ በራሷ እጅ ላይ ትፈትሸው ነበር።

አጠባውን ላሳጥረው፤ ለብ ያለ ውኃ፣ ለውሻ የተሠራ ሻምፖ። የሰው ሳሙና ቆዳቸውን ያደርቀዋል። በፎጣም እየተጫኑ ማድረቅ ነው እንጂ ማሸት ፀጉሩን መልሶ ያቋጥረዋል።

ቀጥ ያለ ፀጉር ሲቆረጥ ምንም አይደብቅም፤ መቀሱ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ደረጃ ሠርቶ ይታያል። ጥሩ ባለሙያ እዚህ ላይ ይለያል። እሷ ፀጉሩን ወደሚተኛበት አቅጣጫ እያበጠረች ጫፍ ጫፉን ቆረጠች፤ ማጠናቀቂያው ላይ አንድ ጎኑ ጥርስ ያለው መቀስ አውጥታ ደረጃውን ሁሉ አጠፋችው። ዓይኑ አካባቢ የተጠቀመችው ጫፉ ድቡልቡል በሆነ መቀስ ነው። በመዳፉ ጣቶች መካከል ጭቃ የሚይዘውን ፀጉር አጸዳች። ጥቁር ጥፍሩን በትንሽ በትንሹ ቆረጠች፤ ውስጡ ያለው የደም ሥር ከውጭ አይታይምና። ከጆሮው እጥፋት ውስጥም እኛ ያላየነውን መዥገር አግኝታ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛ ቀጥ አድርጋ ነቀለችው።

በአገራችን ውሻ በአብዛኛው ከግቢ አልፎ ቤት ውስጥ አይገባም። የውሻ እግር ጭኗ ላይ አድርጋ የምትሠራ ወጣት ምን ምን እንደምትሰማ አውቃለሁ። ሥራዋን ግን ለሰው ልጅ ሕክምና እንደሚደረገው ጥንቃቄ አድርጋ ትሠራዋለች፤ የጠየቀችኝም ገንዘብ በልቤ ካሰብሁት ያነሰ ነበር። እኅቴ፣ እጅሽ ይባረክ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቡቺ ዛሬ ጆሮው ሲዳሰስ አይጮህም።

የምትፈልጓት ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሷን አስፈቅጄ ስልኳን እልካለሁ። የምትሠራው ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ለጊዜው የምትቀበለው ትንንሾቹን ብቻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያልወሰደ ውሻ አትነካም፤ የክትባት ወረቀቱን አዘጋጁ። ከመምጣቷ በፊት አትጠቡት፤ ቋጠሮው ይብስበታል።