ፕሮግረሲቭ መነጽር ከ9 ወር በኋላ፦ መንገድ ላይ አሪፍ ነው፣ የስፌት መኪናው ላይ ግን...

ዕድሜዬ 48 ነው፣ ጎንደር ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ነገሩ የጀመረው በክር ነው። መርፌውን ወደ ብርሃኑ ይዤ እጄን ስዘረጋ፣ ስዘረጋ፣ በመጨረሻ እጄ አጠረኝ። ልጄን "ነይ ክር አስገቢልኝ" ማለት ስጀምር "አባዬ አረጀህ እኮ" አለችኝ። ሳቅሁ እንጂ ደስ አላለኝም።

መጀመሪያ ከመንገድ ዳር ፕላስ 1.50 የቅርብ ማያ መነጽር ገዛሁ። ለክር ይሆናል። ደንበኛ ሲገባ ቀና ስል ግን ፊቱ ጉም ነው። ማድረግ፣ ማውለቅ፣ መፈለግ (አንዴ ግንባሬ ላይ ሰክቼው ስንት ደቂቃ ፈልጌዋለሁ)። ሲሰለቸኝ ተመርምሬ ፕሮግረሲቭ አሠራሁ። ከላይ ለሩቅ፣ መሃሉ ለመካከለኛ፣ ታቹ ለቅርብ ነው፤ እንደ ባይፎካል (ለሩቅና ለቅርብ ብቻ ሁለት ክፍል እንዳለው መነጽር) የሚታይ መስመር የለውም።

የመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ልጥለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ጎንና ጎኑ ይወላገዳል፣ ደረጃ ስወርድ ደግሞ እግሬን የማየው በታችኛው በኩል ስለሆነ ድንጋዩ ይደበዝዝብኛል። አገጭን ዝቅ አድርጎ በላይኛው ማየትን ስለምድ ቀለለኝ። ጥር 11 ፋሲለደስ መዋኛ ቆሜ ከሩቅ ያለውንም፣ ስልኬ ላይ የመጣውን መልእክትም ሳላወልቅ አየሁ። ለዚህስ ምስጋና ይገባዋል።

ስፌት ላይ ግን አልሆነም። ለቅርብ የሚያገለግለው ቦታ ጠባብ ነው፤ የቀሚስ ጥለት ስሰፋ ጭንቅላቴን ከወዲያ ወዲህ ማንቀሳቀስ ነበረብኝ፣ አገጬን ሽቅብ ማንሳት ደግሞ አለ፣ ማታ ማታ አንገቴ ድርቅ ይላል። አራት ወር ከታገልኩ በኋላ በራሴ ሜትር ለካሁ፦ ከዓይኔ እስከ መኪናው መርፌ 50 ሳንቲሜትር። ታችኛው ሌንስ የተሠራው ለመጽሐፍ፣ ለ40 ገደማ ነው! ሲመረምሩኝ ሥራዬን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም አልተናገርኩም። ተመልሼ ለ50 ብቻ የሚሆን ተራ ሌንስ አሠራሁ፤ እሱ ከሱቅ አይወጣም። ሜትር አንገታችን ላይ ውሎ የሚያድር ሰዎች ይህን አለመለካታችን ይገርማል።

"መነጽር ዓይን ያሰንፋል" የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። አያሰንፍም። ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ እየደረቀ ስለሚሄድ፣ ብታደርጉም ባታደርጉም የመነጽሩ ቁጥር እስከ 60ዎቹ ዕድሜ ድረስ ይጨምራል።

አሁን ፕሮግረሲቩ ላይ ጭረት አለ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጠመኔ ባለበት ቁራጭ ጨርቅ ነበር የምወለውለው።