ለዓሣው ደኅንነት የገዛኋቸው የካርፕ ማጥመጃ ዕቃዎች፣ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ዝዋይ ላይ ካርፕ ሲያዝ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ጥብስ ይሁን ወይስ ጉላሽ የሚለው ነው። እኔ በምኖርበት በእንግሊዝ አገር ግን ተከፍሎ የሚጠመድባቸው ሐይቆች ዓሣው ተመዝኖና ፎቶ ተነሥቶ ወደ ውኃው እንዲመለስ ያዛሉ። አንዱ ካርፕ ለዓመታት በብዙ ሰው እጅ ያልፋል። ስለዚህ ገንዘቤን ከዘንጉ ይልቅ በእርሳስ መቆንጠጫ (ክሩን ወደ ውኃው ሥር የሚያወርደውን የእርሳስ ክብደት በሚይዘው ትንሽ ዕቃ)፣ በዓሣ ማሳረፊያ ፍራሽና በመረብ ላይ አዋልኩት።

ከሁሉም የሚያከራክረው መቆንጠጫው ነው። እርሳሱ በውኃ ውስጥ ሣር ቢያዝ ወይም ዋናው ክር ቢበጠስ፣ መቆንጠጫው እርሳሱን መልቀቅ አለበት፤ አለዚያ ዓሣው 80 ግራም ብረት እየጎተተ ይቀራል። መቆንጠጫው ዋናውን ክር ከመንጠቆው ክር ጋር ከሚያገናኘው ተሽከርካሪ ማያያዣ ጋር በትንሿ ካስማ ካልተቆለፈ፣ ሲሳብ ክሩን ተከትሎ ይንሸራተታል እንጂ እርሳሱን አይጥልም። እርሳሱን ይዞ እንዲቆይ መቆንጠጫው ላይ የሚገጠመው የላስቲክ ቆብም ነገር አለ። ሩቅ ወርዋሪዎች እርሳሱ አየር ላይ እንዳይወልቅ ብለው ቆቡን እስከ መጨረሻው ይገፉታል፤ ያን ጊዜ ዕቃው የደኅንነት ዕቃ መሆኑ በማሸጊያው ላይ ብቻ ይቀራል። እኔ ከመወርወሬ በፊት እርሳሱን በአንድ እጄ፣ ማያያዣውን በሌላው ይዤ እስባለሁ። በመጠነኛ ጉልበት ካልወለቀ ውኃ አያይም።

ከብርዱ ወራት በኋላ አንዳንዶቹ ቆቦች ደርቀው አልላቀቅ አሉ። የሌላ አምራች ቆብ ስገጥምባቸው ይበልጥ ጠበቀ። መቆንጠጫውንና ቆቡን ከአንድ ፓኬት መግዛት ይሻላል፤ ርካሽ ስለሆኑም ቶሎ ቶሎ መቀየር አይከብድም። በነገራችን ላይ፣ በእንግሊዝ ከ1987 ጀምሮ የውኃ ወፎች እንዳይመረዙ ሲባል ትንንሽ የእርሳስ ክብደቶች እንዳይሸጡ ታግደዋል፤ ለካርፕ የምንጠቀምባቸው ትልልቆቹ ግን እገዳው አይነካቸውም። ዓሣ በያዙ ቁጥር እርሳሱ እንዲወድቅ አድርገው የሚያስሩ ሰዎች አሉ። ሣር በሌለበት ንጹሕ ውኃ ይህ ሐይቁን ያለ ምክንያት ማቆሸሽ ይመስለኛል።

መረቡ 42 ኢንች ስፋት አለው፤ ቋጠሮ የሌለው ስለሆነ ቅርፊት አያነሣም፣ ክንፍ አይሰነጥቅም። ቅሬታዬ አንድ ነው፦ ለመድረቅ ጊዜ ይወስዳል። ካርፕን የሚገድለው የኮይ ሄርፒስ ቫይረስ በእርጥብ መረብ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ሊሻገር ስለሚችል ሳይደርቅ ወደ ሌላ ውኃ አልወስደውም።

ፍራሹ ግን ደስታም ንዴትም ሰጥቶኛል። ጠርዙ ከፍ ያለ ስለሆነ የሚንፈራገጥ ካርፕ ወደ ጠጠሩ አይወድቅም፤ ስፖንጁም እስካሁን አልሰመጠም። ጥቁር ቀለሙ ግን በፀሐይ እንደ ምጣድ ይግላል። ዓሣውን ከበሽታ የሚጠብቀው ቆዳውን የሸፈነው ልጋግ በደረቅና በጋለ ነገር ላይ ስለሚላጥ፣ ዓሣው ከውኃ ሳይወጣ በፊት አንድ ባልዲ የሐይቅ ውኃ አፈስበታለሁ። ከሁሉ የከፋው የመሸፈኛው ማጣበቂያ (ቬልክሮ) ነው፦ ሻካራው ወገን ወደ ውስጥ፣ በቀጥታ ወደ ዓሣው ጎን ዞሮ ተሰፍቷል። ይህን የነደፈው ሰው ዓሣ በእጁ ይዞ ያውቃል ለማለት ይከብደኛል። ማጣበቂያውን ፈትቼ በምትኩ ሁለት የጨርቅ ማሰሪያ ሰፋሁ፤ አሁን ያለ ሥጋት እጠቀምበታለሁ። በዚያው ዋጋ ሌላ የምገዛ ከሆነ ግን መጀመሪያ የማየው የውስጥ ስፌቱን ነው።