የገንዳ ፓምፕ አየር ሲስብ ምን ይገዛ? የማሸጊያዎች ንጽጽር

ሱሉልታም ሆነ ለገጣፎ፣ የእንግዳ ማረፊያ ገንዳ ውስጥ አረፋ ሲፈላ ብዙ ባለቤቶች ቀድመው የሚጠይቁት የአዲስ ፓምፕ ዋጋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚያስፈልገው አንድ ጎማ፣ አንድ ጥቅልል ቴፍሎን ወይም አንድ ዩኒየን (ተፈትቶ የሚገጠም የቧንቧ ማያያዣ) ነው። የትኛው እንደሆነ የሚወስነው አየሩ የሚገባበት ቦታ ነው።

አየር የሚገባው ከገንዳው እስከ ፓምፑ ባለው የመሳቢያ መስመር ላይ ነው። ፓምፑ ሲሠራ እዚያ ያለው ግፊት ከውጪው ስለሚያንስ ክፍተቱ ውሃ አያንጠባጥብም፤ አየር ይስባል። ስለዚህ መጋጠሚያው ደረቅ ነው ብለው አይለፉት። ከፓምፑ ወዲያ ያለው መስመር ሲሾልክ ግን ውሃው ወደ ውጭ ይወጣል።

ከፍታችንም ነገሩን ያከብደዋል። በ2,400 ሜትር ገደማ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በንድፈ ሐሳብ ውሃን 10.3 ሜትር የሚያነሳው ግፊት እዚህ 7.7 ሜትር አካባቢ ላይ ያበቃል። ፓምፑ ከገንዳው ውሃ በላይ ከተተከለ ደግሞ መብራት ሲሄድ በሾለከው ቦታ አየር ይገባና ውሃው ወደ ገንዳው ይመለሳል። መብራት ሲመጣ ታይመሩ ባዶውን ፓምፕ ያስነሳዋል። በሙቀቱ በፓምፑ አፍ ላይ የተጠመዘዘው ፕላስቲክ ጥርስ ይሸማቀቃል፤ ትንሹ ክፍተት ትልቅ ይሆናል።

ከመግዛትዎ በፊት የገንዳው ውሃ የስኪመሩን (በገንዳው ጠርዝ የላዩን ውሃ የሚስበውን ሳጥን) አፍ እስከ ግማሽ መሙላቱን ይመልከቱ፤ ከዚያ ካነሰ አየር የሚገባው በስኪመሩ ነው፣ የሚገዛም ነገር የለም። ውሃው በቂ ከሆነ ፓምፑ እየሠራ የመላጫ አረፋ በየመጋጠሚያው ይቀቡ፤ የሚሾልከው ቦታ አረፋውን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። የዕጣን ጭስም ይሠራል፣ ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ አያስተማምንም። በማንቆርቆሪያ ውሃ ማፍሰስ ከሁሉ ርካሽ ነው፦ ውሃው ሲሸፍነው የገንዳው አረፋ ለጥቂት ሰከንድ ከቆመ ቦታው ተገኘ። የስኪመሩና የወለሉ መስመር የየራሳቸው ቫልቭ ካላቸው ተራ በተራ ይዝጉ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ግን አይዝጉ።

የክዳኑ ጎማ

መጀመሪያ የሚጠረጠረው በፓምፑ የቅጠል ቅርጫት ክዳን ሥር ያለው ጎማ ነው። ብሬከሩን ያጥፉ፣ የማጣሪያውን አየር ማስወጫ ከፍተው ግፊቱን ያስለቅቁ፣ ከዚያ ክዳኑን ይፍቱ። ጎማው ጠፍጥፎ ወይም ተሰነጣጥቆ ከሆነ መርካቶ ሲሄዱ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ የውስጥ ስፋቱም ውፍረቱም መግጠም አለበት። ኢፒዲኤም ከተባለው ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራው ክሎሪንን በደንብ ይቋቋማል፣ ዘይት ግን ያሳብጠዋል። ናይትራይል የተባለው ሌላው የጎማ ዓይነት ዘይትን ይችላል፣ በክሎሪን ግን ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ ለገንዳ ኢፒዲኤም ይሻላል። ከካለማዳሪያ ተቆርጦ የተቀጠለ ጎማ ለአንድ ቀን ቢያሳልፍም ቅጥያው ላይ አየር ያስገባል፤ አይግዙት።

የሚቀባውም ቅባት እኩል ለውጥ ያመጣል። ቫዝሊን በየሱቁ አለ፤ ነገር ግን የነዳጅ ውጤት ስለሆነ የኢፒዲኤም ጎማን ያሳብጣል። የሲሊኮን ግራሶ ቢወደድም በስሱ ስለሚቀባ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ከመቀባትዎ በፊት ጎማው የሚቀመጥበትን ቦይ ይጥረጉ፤ በዚህ አቧራ አንድ ቅንጣት አሸዋ አዲሱን ጎማ ዋጋ ያሳጣዋል።

ጥርስ ያለው መጋጠሚያ

ቃጫና ቀለም ለብረት ቧንቧ የኖረ ዘዴ ነው፤ ቃጫው በውሃ ሲያብጥ ያሽጋል። በፕላስቲክ ጥርስ ላይ ግን ያው እብጠት የፓምፑን አፍ ሊሰነጥቅ ይችላል። ቴፍሎን ይሻላል፦ ከጥርሱ ጫፍ ሲታይ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ከ4 እስከ 6 ዙር፣ ከዚያ በእጅ አጥብቆ በመፍቻ ግማሽ ዙር ያህል መጨመር። የሚቀባው ወፍራም ማሸጊያ ጥሩ የሚሆነው «ለፕላስቲክ» ተብሎ የተጻፈበት ሲሆን ብቻ ነው። ጥርሱ በሙቀት ተሸማቅቆ ከሆነ ግን ቴፍሎን መደራረብ ገንዘብ ማባከን ነው፤ መጋጠሚያውን አስወግደው ጎማ ያለው ዩኒየን ይግዙ። በሚቀጥለው ጊዜ ፓምፑን ለመፍታት ቧንቧ መቁረጥም አያስፈልግዎትም።

የተሰነጠቀ ቧንቧ

ከውጭ የሚቀባ ሲሊኮን ፒቪሲን አጥብቆ አይዝም፤ ይህን ይተውት። ባለ ሁለት ክፍሉ ኢፖክሲ በብርጭቆ ወረቀት በተሻከረና በደረቀ ቧንቧ ላይ ከተለጠፈ የሳምንት መጨረሻ እንግዶችን ያሳልፋል፣ ግን ጊዜያዊ ነው። ዘላቂው ቆርጦ መቀየር ነው፦ ማጽጃ፣ በሁለቱም ወገን ማስቲሽ፣ ሩብ ዙር እያዞሩ መግፋት፣ 30 ሰከንድ ይዞ መቆየት። ሌሊቱ ስለሚበርድ 24 ሰዓት ሳይሞላ ፓምፑን አያስነሱ። ሲቆርጡ በፓምፑ አፍ ፊት ቢያንስ የቧንቧውን ስፋት አምስት እጥፍ፣ ለ50 ሚሊ ሜትር ቧንቧ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ቀጥ ያለ መስመር ይተዉ።

ፓምፑን መቀየር ግድ ሲሆን

ለሮቶ የሚሸጠው ተራ ፓምፕ ከውሃው በታች ከተቀመጠ ይሠራል፣ ግን የቅጠል ማጥሪያ ቅርጫት የለውም። ከውሃው በላይ ለሚተከል በራሱ የሚስብ የገንዳ ፓምፕ ይግዙ፤ የመሳብ ከፍታው ለባሕር ጠለል የተጻፈ ከሆነ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ይቀንሱለት። ለክዳኑ መለዋወጫ ጎማ የማያቀርብ ሻጭ ጋ ከሆኑ ዋጋው ረከሰ ብለው አይቸኩሉ።