ነጻ አፕ ለመጫን ፓስወርድ ለምን? አፕ ስቶርና ፕሌይ ስቶርን ሳመዛዝናቸው

ቴሌግራም ነጻ ነው። ቴሌብር ነጻ ነው። ዋትስአፕም ነጻ ነው። ታዲያ ነጻ ነገር ለመጫን ስልኩ እየደጋገመ ፓስወርድ የሚጠይቀው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ከዘመድም ከጎረቤትም ሰምቼዋለሁ፣ በተለይ አይፎን ከያዙት። ስለዚህ ሁለቱን ትልልቅ የአፕ መደብሮች፣ የአይፎኑን አፕ ስቶርና የአንድሮይዱን ፕሌይ ስቶር፣ በዚህ በአንድ ነገር ብቻ ላመዛዝናቸው ነው። ስለ አፖቹ ብዛት አላወራም፣ ስለ ውበታቸውም አላወራም። አንድ ሰው የፈለገውን አፕ አግኝቶ እስኪጭን ድረስ ምን ያህል ይጉላላል? የማየው እሱን ነው።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ለዕለት ተዕለት አጠቃቀም ፕሌይ ስቶር ይሻላል። አፕ ስቶርም በደንብ ከተስተካከለ ከእሱ አያንስም፤ ቅር የሚለኝ ማስተካከያውን የሸሸገበት ቦታ ነው።

አንድሮይድ ስልክ ላይ ጂሜይላችሁን አንዴ ካስገባችሁ በቃ። ነጻ አፕ ከሆነ "ኢንስቶል" የሚለውን መንካት ነው፣ ፓስወርድ የለ አሻራ የለ፣ ይወርዳል። ጉግል ማረጋገጫ የሚፈልገው ገንዘብ ሲወጣ ነው። እሱንም ቢሆን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ፕሌይ ስቶርን ከፍታችሁ ከላይ ጥግ ላይ ያለችውን ፎቷችሁን ወይም የስማችሁን የመጀመሪያ ፊደል ንኩ፣ ሴቲንግስ ግቡ፣ የግዢ ማረጋገጫ የሚለውን ፈልጉ። ለእያንዳንዱ ግዢ ይጠይቅ፣ በየ30 ደቂቃው ይጠይቅ፣ ወይም ጭራሽ አይጠይቅ የሚሉ ምርጫዎች አሉ። የመጨረሻውን አትንኩት፣ ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ በፍጹም። በፓስወርድ ፋንታ አሻራ እንዲቀበልም ማድረግ ይቻላል፣ እኔ የምመክረው እሱን ነው።

"ጭራሽ አይጠይቅ" የሚለውን እንዲህ አጥብቄ የምከለክለው ከዚህ በፊት ያስከተለው ነገር ስላለ ነው። ጉግል በፈረንጆቹ 2011 አፕ ውስጥ የሚደረግ ግዢን ሲጀምር ፓስወርድ አይጠይቅም ነበር። ልጆች ጌም እየተጫወቱ የወላጆቻቸውን ካርድ ባዶ አደረጉት። ቆይቶ መጠየቅ ጀመረ፣ ግን ፓስወርዱ አንዴ ከገባ ለ30 ደቂቃ ያለ ጥያቄ መግዛት እንደሚቻል ለወላጆች አልነገረም። አፕልም ያው ነበር፣ የእሱ 15 ደቂቃ ነው። እናት ፓስወርዷን አስገብታ ስልኩን ለልጇ ስትመልስ በዚያች 15 ደቂቃ ውስጥ ልጁ የፈለገውን ያህል መግዛት ይችላል፣ እሷ ግን አንድ ነገር ብቻ የፈቀደች ይመስላታል። የአሜሪካው የንግድ ተቆጣጣሪ ኤፍቲሲ ሁለቱንም ያዛቸው። በ2014 አፕል ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር፣ በዚያው ዓመት ጉግል ቢያንስ 19 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞች ለመመለስ ተስማሙ። በአፕል ጉዳይ አንዲት ልጅ በአንድ ጌም ውስጥ 2,600 ዶላር ማውጣቷ ተጠቅሷል። ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዶላር፣ በአንድ ጌም!

ስለዚህ ፓስወርዱ በከንቱ የመጣ አይደለም። እኔ የማልስማማው ሳንቲም ለማይወጣበት ነገርም ሲጠየቅ ነው።

ወደ አይፎን ስንመጣ፣ አፑ ነጻም ቢሆን "ጌት" የሚለውን ስትነኩ ስልኩ እናንተ መሆናችሁን ማረጋገጥ ይፈልጋል። ፌስ አይዲ ያለው ከሆነ ከታች በኩል አንድ ሳጥን ብቅ ይላል፣ በጎን ያለችውን ቁልፍ ሁለቴ ጠቅ ጠቅ ታደርጋላችሁ፣ ስልኩ ፊታችሁን ያያል፣ አለቀ። ታች አይዲ ያለው ከሆነ ደግሞ ጣት ማሳረፍ ብቻ ነው። ይህ አሠራር ለእኔ ከሁሉም የተሻለ ነው። ፓስወርድ አልተጻፈም፣ ግን ስልካችሁን ያነሳ ሰው ሁሉ አፕ መጫን አይችልም። እዚህ ላይ አፕልን ከልቤ አመሰግነዋለሁ።

ታዲያ ስንቱ ሰው ስልኩን በፊቱ እየከፈተ አፕ ስቶር ሲገባ ፓስወርድ ይጽፋል! ምክንያቱ አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ናት። ሴቲንግስ ውስጥ ፌስ አይዲ ኤንድ ፓስኮድ የሚል አለ፣ የስልኩን ኮድ አስገብታችሁ ስትገቡ "አይቲዩንስ ኤንድ አፕ ስቶር" የሚል መስመር ታያላችሁ። አረንጓዴ ካልሆነ አረንጓዴ አድርጉት። ከዚያ በኋላ ፓስወርዱን የሚፈልገው አልፎ አልፎ ነው፤ ለምሳሌ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ወይም አዲስ አሻራ ስታስገቡ ሊጠይቅ ይችላል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ስልክ ባትሪ ጨርሶ መጥፋቱ የተለመደ ስለሆነ ይህ ቢያጋጥማችሁ አትደናገጡ፣ አንዴ አስገብታችሁ ወደ አሻራችሁ ትመለሳላችሁ።

ፊትም አሻራም መጠቀም ለማይፈልግ ሰው ሌላ መንገድ አለ። ይህኛውን ነው ተሸሽጓል የምለው። ሴቲንግስ ግቡ፣ ከሁሉም በላይ ያለውን ስማችሁን ንኩ፣ ሚዲያ ኤንድ ፐርቸስስ፣ ከዚያ ፓስወርድ ሴቲንግስ። እዚያ ሁለት ነገር አለ። የላይኛው ለግዢ ነው፣ "ኦልዌይስ ሪኳየር" ላይ ይሁን። የታችኛው "ፍሪ ዳውንሎድስ" ይላል፣ ሥሩ ያለውን "ሪኳየር ፓስወርድ" አጥፉት። በቃ፣ ነጻ አፕ ላይ ፓስወርድ ቀረ፣ የሚከፈልበት ላይ ግን እንዳለ አለ። ይህ ምርጫ በፈረንጆቹ ከ2015 ጀምሮ አለ፣ ግን የሚያውቀው ሰው ስንት ነው? ደግሞ ለግዢ ፌስ አይዲ ወይም ታች አይዲ ከበራ ይህ ገጽ ከነጭራሹ አይታይም። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ማለቱ ነው፣ ሐሳቡ ይገባኛል። ግን እዚያው ቦታ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ቢያስረዳ ምን ነበረበት? ሰው የተነገረውን መመሪያ ይዞ ገብቶ ገጹን ሲያጣው ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል።

ሌላም አለ። ነጻ አፕ ስታወርዱ "ቬሪፊኬሽን ሪኳየርድ" የሚል ከመጣ ነገሩ የፓስወርድ አይደለም። አካውንቱ ላይ ያልተከፈለ ሂሳብ አለ፣ ወይም የተመዘገበው ካርድ አይሠራም ማለት ነው። ዕዳው እስኪከፈል ነጻውም ይያዛል። ወርሃዊ ክፍያ ያለበት አፕ ሞክረው በረሱት ሰዎች ላይ ይህ ይበዛል። ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ የክፍያ መንገዱን "ነን" (None፣ ምንም ማለት ነው) ማድረግ ይቻላል፣ ነጻ አፕ ብቻ ለሚጠቀም ሰው ካርድ አያስፈልገውም። አዲስ አካውንት ስትከፍቱም ከአፕ ስቶር ውስጥ አንድ ነጻ አፕ ይዛችሁ ከጀመራችሁ "ነን" የሚለው ምርጫ ይመጣላችኋል።

አሁን ወደ ዋናው። ሁሉንም አስተካክዬ አሁንም ይጠይቀኛል የሚል ሰው ሲመጣ የማደርገው አንድ ነገር ነው፦ ፓስወርድ የሚጠይቀውን ሳጥን በደንብ አነበዋለሁ። ብዙ ሰው ቀጥታ ወደ ባዶው ቦታ ነው የሚሄደው። ከላዩ ግን ኢሜይል ተጽፏል፣ የዚህን አካውንት ፓስወርድ አስገባ ነው የሚለው። ያ ኢሜይል የናንተ ነው? እኛ ጋ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም።

ስልኩን የላከው ወንድም ነው፣ ከዲሲ ወይም ከዱባይ፣ በራሱ አካውንት አፖቹን ጭኖ "ጭኜልሻለሁ፣ ዝም ብለሽ ተጠቀሚ" ብሎ። ከልቡ ነው ያደረገው። ግን እነዚያ አፖች በእሱ ስም ስለወረዱ አዲስ እትም በመጣ ቁጥር የእሱን ፓስወርድ ይጠይቃሉ። ፓስወርዱ ቢነገራችሁም ኮድ ይከተላል፣ ኮዱ የሚሄደው ወደ እሱ ስልክ ነው። አዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ሌሊት ነው፣ ሰውየው ተኝቷል። ጎረቤታችን የሆኑ እናት ኢሞ እንዲታደስላቸው ልጃቸው ከእንቅልፉ እስኪነሳ ግማሽ ቀን ሲጠብቁ አይቻለሁ። "እሱን ልቀስቅሰው እንዴ ለዚች?" ይላሉ፣ አንጀት ይበላሉ።

ሁለተኛው ሱቅ ነው። ስልክ ስትገዙ ሻጩ "አካውንት ልክፈትልዎት?" ይላል፣ በራሱ ቁጥር ይከፍተዋል፣ ብዙውን ጊዜ አገሩን አሜሪካ አድርጎ። ፓስወርዱን ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎ የሚሰጥ አለ፣ የማይሰጥም አለ። አክስቴን እንዲህ አድርገዋት ስትመለስበት "እንደገና ለመክፈት ክፍያ አለው" አሏት። ይህ በጣም ያናድደኛል። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ስልክ ቁልፉ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ መቅረት የለበትም። አንድሮይድ ላይም በሻጩ ቁጥር የተከፈተ ጂሜይል ስልኩ ፎርማት የተደረገ ዕለት ያው ችግር ይመጣል፣ የድሮውን ጂሜይል ይጠይቃችኋል።

መፍትሔው አለ፣ ትንሽ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። አይፎን ላይ አፕ የሚወርድበት አካውንትና አይክላውድ (ፎቶና ባካፕ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት የአፕል አገልግሎት) የግድ አንድ መሆን የለባቸውም። ሚዲያ ኤንድ ፐርቸስስ ውስጥ "ሳይን አውት" ብላችሁ በራሳችሁ አዲስ አካውንት ግቡ። ከዚያ በድሮው አካውንት የወረዱትን አፖች አንድ በአንድ አጥፍታችሁ በራሳችሁ አውርዱ። ቴሌግራም መልእክቱ ኢንተርኔት ላይ ስለተቀመጠ ቢጠፋም ስትመለሱ ታገኙታላችሁ። ዋትስአፕን ግን ባካፕ ሳታደርጉ እንዳትነኩት። የባንክ አፕም ከመጥፋቱ በፊት እንደገና ለመግባት ምን እንደሚፈልግ ባንኩን ጠይቁ፣ ቅርንጫፍ ሂዱ የሚል አለ። አይክላውዱንም ከሰው እጅ ማውጣት ይሻላል፣ ያ ግን የባለቤቱን ፓስወርድ አንዴ መፈለጉ አይቀርም፣ እሱ ያልተኛበትን ሰዓት ምረጡ።

ፓስወርድ ሰልችቶት ከሁለቱም መደብር የሚሸሽ አለ። አንድሮይድ የያዘ ሰው በዜንደር፣ ማለትም ከስልክ ወደ ስልክ ፋይል በሚያስተላልፈው አፕ፣ ይቀባበላል ወይም ከቴሌግራም ቻናል ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል) ያወርዳል፣ አካውንት የሚባል ነገር የለም። ዳታ ውድ በሆነበት አገር ለምን እንደሚደረግ ይገባኛል። ግን ያ ፋይል በመንገድ ማን ነካክቶት እንደመጣ አታውቁም፣ ስሙና ምልክቱ ያው ሆኖ ውስጡ ሌላ ሊሆን ይችላል። ጌም ከሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። የባንክና የቴሌብር አፕ ግን ከፕሌይ ስቶር ውጭ በፍጹም አትጫኑ። ያለ አካውንት አፕ መጫን የሚፈልግ ሰው ኤፍድሮይድ የሚባለውን የአንድሮይድ አፕ መደብር ይሞክር፣ በፈረንጆቹ ከ2010 ጀምሮ አለ፣ ምዝገባ የለውም፣ የሚያቀርባቸው አፖች ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆኑ ናቸው። የምናውቃቸውን ዋና ዋና አፖች ስለማታገኙበት በፕሌይ ስቶር ላይ ጭማሪ እንጂ ምትክ አይሆንም።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ለፕሌይ ስቶር ከ5 4 ተኩል እሰጠዋለሁ፣ ግማሿን የቀነስኩት ግዢን ያለ ማረጋገጫ ማድረግን አሁንም ስለሚፈቅድ ነው። አፕ ስቶር 3 ተኩል፤ ፊትና አሻራው ሙሉ ነጥብ ያሰጠው ነበር፣ የነጻውን ማስተካከያ ሦስት ገጽ ወደ ውስጥ መቅበሩ ነው የጎዳው። ለልጅ ስልክ ከሆነ ግን አይፎን ላይ ፋሚሊ ሼሪንግ ውስጥ ያለውን "አስክ ቱ ባይ" እወደዋለሁ፣ ልጁ አፕ ሲፈልግ ጥያቄው ወላጁ ስልክ ላይ ይመጣል፣ ፓስወርድ ለልጅ መንገር አያስፈልግም።

ከውጭ አይፎን ለቤተሰብ የምትልኩ ደግሞ አፕ አትጫኑበት። ጄኔራል ውስጥ ካለው "ትራንስፈር ኦር ሪሴት አይፎን" ገብታችሁ ሁሉንም አጥፉትና ባዶውን ላኩት። ሲደርስ በቪዲዮ ደውላችሁ አካውንቱን በእነሱ ስልክ ቁጥር አብራችሁ ክፈቱ፣ ፌስ አይዲውን አስመዝግቧቸው፣ ከዚያ ቴሌግራምን እያያችሁ ራሳቸው ይጫኑት።