የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ፦ ለኮምቦልቻ–ደሴ ዳገት የትኛው ያዋጣል?

ሜዳ ላይ ሁሉም ባትሪ ጥሩ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ገበያ ብቻ የምትሉ ከሆነ የቱንም ብትገዙ ብዙ አትጎዱም። ጣጣው የሚመጣው ወደ ደሴ ሽቅብ ስትሉ ነው። ኮምቦልቻ ያለችው ወደ 1850 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2500። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ 650 ሜትር መውጣት ማለት ነው። እናንተና ብስክሌቱ አንድ ላይ 110 ኪሎ ብትመዝኑ፣ ያንን ክብደት ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ ወደ 200 ዋት ሰዓት (የባትሪ ጉልበት መለኪያ ነው፣ ቮልቱ በአምፒር ሰዓቱ ሲባዛ) ይፈልጋል። ሞተሩ በሙቀት የሚያባክነውን፣ የጎማውንና የነፋሱን ስትጨምሩበት፣ ፔዳል ሳትመቱ ለመውጣት 400 ዋት ሰዓት ገደማ ያዙ። ባትሪዎቹን የምመዝናቸው በዚህች ቁጥር ነው።

የአሲዱን ቶሎ ልጨርሰው። አራት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ሲያያዝ 48 ቮልት ይሆናል፣ ዋጋው ይቀላል፣ የትኛውም ጋራዥ ያውቀዋል። ግን ባለ 12 አምፒር ሰዓቱ አራቱ ተደምሮ ወደ 16 ኪሎ ይመዝናል። በወረቀት 576 ዋት ሰዓት አለው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨምቃችሁ ስትጠቀሙበት ግን ሲሶውን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስቀርባችኋል። ደሴ ሳትገቡ ይደክማል። በየቀኑ እስከ ታች ካራገፋችሁት ደግሞ ዕድሜው በጣም ያጥራል። ለዳገት አትግዙት።

ከአሮጌ ላፕቶፕ የሚወጣው 18650 የሚባል ትንሽ ድብልብል የሊትየም ሴል ሌላው ርካሽ መንገድ ነው፣ ብዙ ልጆችም የሚጀምሩት በእሱ ነው። እኔ ለዚህ መንገድ አልመክረውም፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ዳገቱ ሲብስ 48 ቮልት ሞተር 20 አምፒር ሊስብ ይችላል። አምስት አምስት ሴል ጎን ለጎን ካሰራችሁ እያንዳንዷ 4 አምፒር ትሰጣለች ማለት ነው። የላፕቶፕ ሴል የተሠራው ቀስ ብሎ ለመስጠት ነው፣ በዚያ ላይ አርጅቷል፤ ሲያረጅ ውስጡ ኤሌክትሪኩን ይቋቋማል፣ ያ ደግሞ ሙቀት ይሆናል። ሌላው ደግሞ ሴሎቹ እኩል አይደሉም። አንዷ ቀድማ ታልቃለች፣ ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ያቺው ቀድማ ትሞላና ከልኳ፣ ከ4.2 ቮልት በላይ ትገፋለች። ለእጅ ባትሪ፣ ለስልክ መሙያ ይሁን። እግራችሁ መሃል ይዛችሁት ዳገት አትውጡ።

አሁን እውነተኛዎቹ ሁለት ተፎካካሪዎች ይቅረቡ፦ በአዲስ 18650 ሴል የሚሠራው ሊትየም አዮንና ሊትየም አይረን ፎስፌት፣ በአጭሩ ኤልኤፍፒ የሚባለው።

በክብደት የመጀመሪያው ይሻላል፣ ቀላል ነው። 13 በተከታታይ፣ 5 ጎን ለጎን፣ በድምሩ 65 ሴል፤ እያንዳንዱ 2.6 አምፒር ሰዓት ከሆነ ወደ 600 ዋት ሰዓት ይሰጣል፣ ከነሽፋኑ 4 ኪሎ ገደማ ነው። 16 ሴል በተከታታይ ያለው ባለ 15 አምፒር ሰዓት ኤልኤፍፒ ወደ 770 ዋት ሰዓት ይይዛል፣ ግን 8 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ቦታም ይፈልጋል። ሁለቱም ደሴ ያደርሷችኋል፣ ትርፍም ይኖራቸዋል። ባትሪውን ነቅላችሁ ሦስተኛ ፎቅ የምትወጡ ከሆነ 4 ኪሎው ልብ ይማርካል።

በዕድሜና በደኅንነት ግን ኤልኤፍፒ ይመራል፣ በሰፊው። ሊትየም አዮኑ 500 ያህል ጊዜ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ አቅሙ መቀነሱ በግልጽ ይታያል፣ ኤልኤፍፒ ግን ከ2000 በላይ ይሄዳል። ሲጎዳ ወይም ከልክ በላይ ሲሞላም በእሳት ለመነሳት ያንን ያህል አይቸኩልም። ከዚህም በላይ በቤት ለሚገጣጥም ሰው አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ትልልቆቹ አራት ማዕዘን ሴሎች በብሎን ነው የሚያያዙት። 18650 ግን ስፖት ዌልደር (በቅጽበታዊ ኤሌክትሪክ የሚበይድ መሣሪያ) እና የኒኬል ጥብጣብ ይፈልጋል። ሬዲዮ ጠጋኞች በሚጠቀሙበት የእርሳስ ማቅለጫ ሴሉ ላይ በቀጥታ ማጣበቅ ሴሉን ከውስጥ በሙቀት ይጎዳዋል። የሴሉ ቆርቆሮ በሙሉ ኔጌቲቭ ስለሆነ በፖዘቲቩ ጫፍ ዙሪያ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ የወረቀት ቀለበት ካልተደረገ፣ ጥብጣቡ ፈግፍጎ ሲነካው ሾርት ሆነ፣ አለቀ። ጥብጣቡም ንጹሕ ኒኬል ይሁን፤ ፋቅ አድርጋችሁ ጨው ባለበት ውሃ አሳድሩት፣ ከዛገ ኒኬል የተቀባ ብረት ነው።

ሴል ስትገዙ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። ደኅና 18650 ከ43 እስከ 50 ግራም ገደማ ነው። ላዩ ላይ 9900 ተብሎ ከተጻፈበት ደግሞ አትመልከቱት፤ በዚህ መጠን ያለ ጥሩ ሴል ብዙውን ጊዜ ቢበዛ 3500 ሚሊ አምፒር ሰዓት አካባቢ ነው።

ስለዚህ ራሳችሁ መገጣጠም ከፈለጋችሁ ኤልኤፍፒ ግዙ። ቀላል ባትሪ ከፈለጋችሁ 18650ውን ተገጣጥሞ የመጣ፣ ዋስትና ያለው ግዙ፣ ውስጡ ያለው ቢኤምኤስ (ሴሎቹን የሚቆጣጠርና አደጋ ሲመጣ ባትሪውን የሚዘጋው ሰሌዳ) ያለማቋረጥ ስንት አምፒር እንደሚችል ጠይቁ። ከ25 በታች ከሆነ ዳገቱ መሃል ሊያጠፋባችሁ ይችላል። የትኛውንም ብትመርጡ ቢኤምኤስና ፊውዝ የሌለው ባትሪ ቤት አይግባ። ሻጩ «ያለሱም ይሠራል» ካላችሁ እውነቱን ነው፣ ይሠራል፤ ሴሎቹ እስኪዛቡ ድረስ።

ቻርጀር ላይ በጣም እንድትጠነቀቁ እለምናችኋለሁ። የ13 ሴሉ ሊትየም አዮን ቻርጀር 54.6 ቮልት ላይ ይቆማል፣ የ16 ሴሉ ኤልኤፍፒ ደግሞ 58.4 ላይ። ሶኬታቸው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። የኤልኤፍፒውን ሊትየም አዮኑ ላይ ብትሰኩት እያንዳንዱ ሴል ወደ 4.5 ቮልት ይገፋል፣ በእናንተና በእሳቱ መካከል ያለው ቢኤምኤሱ ብቻ ይሆናል። ሁለት ዓይነት ባትሪ ያለበት ቤት ሶኬቱን ይቀይር፣ ቻርጀሩ ላይም በትልቁ ይጻፍ። አዲስ ቻርጀር ስትገዙ እዚያው ሱቁ በቴስተር ለኩት።

ባለ 2 አምፒር ቻርጀር 13 አምፒር ሰዓት ለመሙላት 7 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፣ ሰው ሰክቶ የሚተኛውም ለዚህ ነው። ሴሎቹ ከቻሉ ባለ 4 አምፒር ግዙና ነቅታችሁ ሳላችሁ ጨርሱት። በተለይ አንድ በር ብቻ ባላት የኪራይ ክፍል በሩ ሥር አትሰኩት። ሴል ሲቃጠል ሙቀቱ ከራሱ ከውስጡ ነው፣ ጭሱም መርዛማ ነው፤ መውጫችሁ መዘጋት የለበትም። ዳገት ወጥታችሁ እንደገባችሁም ወዲያው አትሰኩ፣ ይቀዝቅዝ። የደሴ ብርድ ሲጠነክር ደግሞ ውጭ ያደረ ባትሪ ለብ ሳይል አይሞላ። ከዜሮ ዲግሪ በታች የሚሞላ ሊትየም ውስጡ ለዘለቄታው ይበላሻል።

ከደሴ ለምትነሱ ደግሞ አንድ ነገር። ሞተራችሁ ቁልቁለት ላይ ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው የሚመልስ ዓይነት ከሆነ፣ ጥግ ድረስ ሞልታችሁ ወደ ኮምቦልቻ አትውረዱ። ባትሪው የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ቮልቱ ይወጣል፣ ቢኤምኤሱ ይዘጋል፣ በሞተር ስትይዙት የነበረውም ፍሬን ድንገት ይጠፋል። 85 በመቶ ላይ ነቅላችሁ ውረዱ፣ የእጅ ፍሬኑንም ከመነሳታችሁ በፊት ፈትሹ። ማርሽ ያለበት ትንሹ የጎማ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ስለማይመልስ ይህ አያሳስበውም።